የተማሪዎቹ ችሎት ዳኛ ይፈልጋል

የምስለ ችሎት ውድድር ያዘጋጀ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭንቅ አለ። አዳራሹ ተገኝቷል። ተማሪዎቹ ከጅማ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐሮማያ፣ ከሐዋሳ ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው። የክርክሩ ጭብጥ ከተበተነ ወራት አልፈዋል፤ የጽሑፍ ክርክሩም ገብቷል። የጎደለው ዳኛ ነው። አዘጋጁ እስከ ዋዜማው ምሽት ይደውላል፤ አንዱ ቀጠሮ አለብኝ ይላል፣ ሌላው መስክ ወጥቻለሁ ይላል፣ እሺ ብሎ የነበረው ሦስተኛው ስልኩን አያነሳም። በማግስቱ ሦስት ዳኛ ሊሰየምበት በታሰበው ችሎት ሁለት ይሰየማሉ፤ አንዳንዴም ጭብጡን አይቶት የማያውቅ ሰው ከታዳሚው መካከል ተጠርቶ ሦስተኛ ይሆናል። ፊቱ ቆመው "ክቡር ፍርድ ቤት" የሚሉት ልጆች ግን ለዚያች ቀን ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ለዳኞች፣ ለዐቃብያነ ሕግ፣ ለጠበቆች፣ በባንክና በመሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ለምትሠሩ፣ በጡረታ ላላችሁም አንጋፋዎች ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለራሴ ትውልድ ነው፤ ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥተን አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት በሙያው ለቆየነው። እኛ በሥራው መሐል ላይ ነን። አንጋፋዎቹ የነገሩንን ገና አልረሳነውም፤ የሚመጡትንም ከቅርብ እናያቸዋለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ማስተላለፍ የእኛ ድርሻ ነው፤ እኛ ካልሠራነው ሌላ የሚሠራው የለም።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ምስለ ችሎት ላይ የሚቀርበው ጉዳይ በፈጠራ የተጻፈ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። አንዱ ቡድን ለከሳሽ፣ ሌላው ለተከሳሽ ይቆማል፤ በቀጣዩ ዙር ደግሞ ያው ቡድን ቦታ ቀይሮ ትናንት የተቃወመውን ወገን ይዞ ይሟገታል። አስቀድሞ የጽሑፍ ክርክር ይቀርባል፤ ከዚያ የቃል ክርክር ይከተላል። በቃል ክርክሩ ጊዜ ዳኞቹ ዝም ብለው አይሰሙም፤ ተከራካሪውን መሐል ላይ እያስቆሙ ይጠይቁታል። ደንበኛን ማማከርን፣ ድርድርን፣ ምስክር መጠየቅን የሚፈትኑ ሌሎች ውድድሮችም አሉ። በሁሉም ተማሪው የሚማረው ከዳኛው ነው፤ ዳኛው ደግሞ ባለሙያ ሆኖ በፈቃዱ የመጣ እንጂ ደመወዝተኛ አይደለም።

ይህ ነገር ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ያገኙትን ደህና ሰው አስቁመው ፍረደን ይሉት ነበር። የተጠራው ሰው መሾም አያስፈልገውም፤ ተጠርቶ ማለፍ ግን አያምርበትም። ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ግራ ቀኙን ይሰማል፣ ከቻለ ይፈርዳል፣ ካልሆነለትም ነገሩ ወደ በላይ ዳኛ ይሄዳል። በበላ ልበልሃው ሙግት ደግሞ ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ይዞ ነገሩን ሲደረድር በዙሪያው የተሰበሰበው ሁሉ፣ ልጅ አዋቂው፣ ያዳምጣል። ማን እንዴት ጠየቀ፣ ማን በምን ቃል ተረታ እያለ ሲያወራው ይከርማል። የሙግትን ጥበብ ወጣቱ የተማረው እንዲያ ታላላቆቹ በአደባባይ ሲሠሩት እያየ ነው።

ዘመናዊው የሕግ ትምህርት በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ብዙ ነገር አስገኝቶልናል፤ ዛሬ የምንሠራበት ሙያ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ወደ ክፍል ሲገባ አደባባዩ ራቀ። ከ1998ቱ የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ምስለ ችሎትና የተግባር ልምምድ በሥርዓተ ትምህርቱ ቦታ አግኝተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ተማሪው ብዙ፣ መምህሩ አንድ ሆኖ፣ ያው መምህር አስተማሪም፣ አሠልጣኝም፣ ዳኛም፣ ሰዓት ያዥም ሲሆን ተማሪው የሚለምደው የአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ ነው። መምህሩን ያውቀዋል፤ ምን እንደሚወድ፣ የት ላይ እንደሚያልፈው ያውቃል። በማያውቀው ዳኛ ፊት መቆም ሌላ ነገር ነው። ያንን ልናስገኝለት የምንችለው እኛ ከውጭ የምንመጣው ነን።

ከውድድሮቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረው የጄሰፕ የዓለም አቀፍ ሕግ ምስለ ችሎት ነው። የተሰየመው ከ1961 እስከ 1970 በሄግ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበረው በአሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሰፕ ነው። ይህ ሰው ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የዛሬዋን ናሚቢያ በተመለከተ ደቡብ አፍሪካን በ1960 በዚያው ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። በ1966 የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሲሆን፣ በውሳኔው አልስማማም ብለው ረጅም የልዩነት ሐሳብ ካሰፈሩት ዳኞች አንዱ ጄሰፕ ነበር። በዚያ ችሎት የኢትዮጵያንና የላይቤሪያን ክርክር ዋና ሆኖ ያቀረበውም ኧርነስት ግሮስ የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው። ያኔ የራሳችን የሕግ ፋኩልቲ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከሌላ አገር ጠበቃ መቅጠር ግድ ነበር። ዛሬ ያ ምክንያት የለም፤ የውጭ ሙግት ግን ይበልጥ ይመለከተናል። አገራችን የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ወጥቷል። የኢትዮጵያ ጉዳይ በውጭ ጉባኤ ፊት በቀረበ ቁጥር ቆሞ የሚሟገተው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ዛሬ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ያሉት ልጆች በሚያገኙት ሥልጠና ነው።

የአህጉራችንም ውድድር አለ። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል የሚያዘጋጀው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ምስለ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1992 ሐራሬ ላይ ተጀመረ፤ ዛሬ የሚጠራው ከመሥራቾቹ አንዱ በነበሩትና በ2021 ባረፉት በፕሮፌሰር ክሪስቶፍ ሄይንስ ስም ነው። አሠራሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪና አንድ መምህር ይልካል፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚዳኙት እነዚያው ከየአገሩ የመጡ መምህራን ናቸው። የራሱን ቡድን ግን ማንም አይዳኝም። አንድ ሰው ለሌላው ልጅ ይደክማል፣ ሌላው ደግሞ ለእሱ ልጅ ይደክማል። ውድድሩ ይህን ያህል ዘመን የቆየው እንዲህ ባለ መተጋገዝ ነው።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት በአማርኛ በተካሄደ ውድድር ያየሁትን ላንሳ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለአመልካቹ ቆማለች። ነጥቡ አቤቱታ ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ከመቅረቡ በፊት የአገር ውስጥ መፍትሔ ተሟጥጦ መታየት አለበት የሚለው የቻርተሩ አንቀጽ 56 ነው። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ታነባለች፤ ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ወንበር ላይ ይታያል። የመሐል ዳኛዋ አስቆሟት። "ወረቀቱን ያስቀምጡት" አሏት በእርጋታ። "ደንበኛዎ ወደዚያ አገር ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ ምን ይገጥማቸው ነበር?" ልጅቱ ወረቀቱን አስቀመጠች። ዝም አለች። ሰዓት ያዡ ሦስት ደቂቃ የሚል ካርድ አነሳ፤ እሷ ግን አላየችውም። ከዚያ በራሷ ቃል መናገር ጀመረች፦ ጉዳዩን ሊያዩ የሚችሉት ዳኞች በሙሉ በዚያው በሚከራከሩበት ትእዛዝ ከሥራ የተሰናበቱ መሆናቸውን፣ ችሎቱ ከተዘጋ ወዲህ አንድም መዝገብ አለመከፈቱን፣ በሌለ በር ግባ ማለት እንደማይቻል። ይህ ሁሉ ከጭብጡ ውስጥ ነበር፤ የጽሑፍ ክርክሯ ላይ ግን አልነበረም። ያንን ክርክር ያገኘችው እዚያው ቆማ፣ ስትጠየቅ ነው።

ክርክሩ ሲያልቅ ዳኛዋ የሰጧት አስተያየት አጭር ነበር። ከመመለሷ በፊት ዝም ብላ ማሰቧን አመሰገኑ፤ ቀጥሎም የመጀመሪያውን አንቀጽ ስታነብ የዳኞቹን ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ እንዳላየች ነገሯት። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሁለት ነጥብ ብቻ ይዛ ወጣች፤ ሁለቱንም አትረሳቸውም።

ጥሩ ዳኝነት ይህ ነው። መጥፎውንም ማንሳት አለብኝ፤ ፈቃደኛ መሆን ብቻውን አይበቃም። ጭብጡን ሳያነብ የሚቀመጥ ዳኛ ተማሪው ሕጉን ሲያቀርብ ስለ ፍሬ ነገሩ ይጠይቀዋል፣ ፍሬ ነገሩን ሲያቀርብ ደግሞ ስለ ሕጉ። ዕውቀቱን ለማሳየት የሚጠይቅ ዳኛ ከልጁ ደቂቃዎች ግማሹን በራሱ ንግግር ይበላል። ስልኩን የሚነካካ ዳኛ ደግሞ ምንም ሳይናገር ብዙ ይጎዳል፤ ወራት የደከመበትን ነገር የሚያቀርብ ወጣት ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው እየሰማው እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። አንዱን ወገን በከባድ ጥያቄ ወጥሮ ሌላውን ዝም ብሎ የሚያሳልፍም አለ። ነጥቡ ቢስተካከል እንኳ ልጆቹ ፍርድ እንደዚህ ነው ብለው ይሄዳሉ። እነዚህ ልጆች ነገ ዳኛ ይሆናሉ። ዳኛ ሲባል በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣው ያኔ ያዩት ሰው ነው።

ስለዚህ የምትመጡ ሁሉ ጭብጡንና ለዳኞች የሚሰጠውን ማብራሪያ ከቀኑ አስቀድማችሁ አንብቡ። ነጥባችሁን አጠገባችሁ ካለው ዳኛ ጋር ሳትነጋገሩ ጻፉ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የምታውቁት፣ ያስተማራችሁት ወይም ዘመድ የሆነ ቢኖር ለአዘጋጁ ንገሩና ከዚያ ክርክር ተነሱ። በብዙ ውድድር ቡድኖቹ በዩኒቨርሲቲያቸው ስም ሳይሆን በቁጥር ብቻ የሚጠሩት በምክንያት ነው፤ ልጆቹን ከየት መጣችሁ ብላችሁ አትጠይቁ።

ከየት እንደመጡ ግን አነጋገራቸው ይናገራል፤ ይህም ወደ ቋንቋው ጉዳይ ያመጣኛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሕግን በእንግሊዝኛ ነው የምናስተምረው። አብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮችም በእንግሊዝኛ ናቸው። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ግን ችሎቱ የሚሰማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የክልል የሥራ ቋንቋ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ግፍ ይፈጸማል። አንደኛው በውድድሩ ቀን ነው፤ አንደበቱ የተፈታ፣ በከተማ ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ባዶ ክርክር አቅርቦ ነጥብ ያገኛል፣ ነገሩን አብጠርጥሮ ያወቀው የገጠር ልጅ ደግሞ ቃል እየፈለገ ሲዘገይ ነጥብ ይቀነስበታል። ዳኛው ይህን መለየት አለበት። የሚመዘነው የነገሩ አካሄድ ነው፤ ተማሪው ጥያቄውን መለሰ ወይስ ሸሸው፣ የጠቀሰው ድንጋጌ ለያዘው ነገር ይሠራል ወይስ አይሠራም። የአነጋገር ዘዬ ነጥብ የለውም።

ሁለተኛው ግፍ ከምርቃት በኋላ የሚመጣ ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረው ወጣት በመጀመሪያ የችሎት ቀኑ የመቃወሚያውን ስም እንኳ በችሎቱ ቋንቋ አያውቀውም። እኛ ግን እናውቀዋለን፤ በየቀኑ የምንሠራበት ነው። ከክርክሩ በኋላ በሚሰጠው አስተያየት ላይ ይህ ነገር በእኛ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚባል፣ አቤቱታ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው አስገዳጅ ትርጉም የትኛው ቅጽ ውስጥ እንደሚገኝ ብትነግሩት ከየትም መጽሐፍ የማያገኘውን ታስገኙለታላችሁ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ ተማሪዎቻችን ግን የሄግን ውሳኔ በቃላቸው ይዘው የሰበሩን ሲጠየቁ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን በእንግሊዝኛው ጎን በየአካባቢው የፍርድ ቤት ቋንቋ የሚካሄድ ምስለ ችሎት በየዓመቱ ቢያዘጋጁ እጅግ ይጠቅማል። ዳኛ ካገኙ ያዘጋጃሉ።

ለሴት ባለሙያዎች ለየት ያለ ልመና አለኝ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ያ ሹመት የአንዲትን ተማሪ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያሰፋ ከተማሪዎቹ ጋር የዋለ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ተማሪዋ ፕሬዚዳንቷን ታያቸው የነበረው በቴሌቪዥን ነው። በመካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ክርክር የምትመራ ሴት ጠበቃ በሁለት እርምጃ ርቀት ማየት ከዚያ ይበልጣል። ሦስቱም ወንበር በወንድ የተያዘበት ችሎት ፊት ሴት ተማሪ ስትቆም የሚሰማትን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጊዜ የለንም የሚለውን መልስ እሰማለሁ፤ እውነትም ነው። መዝገብ ይበዛል፣ ቀጠሮ ይደራረባል። ሆኖም የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ የደነገገው ሙያችን ለራሳችን ብቻ እንዳልተሰጠን ታስቦ ነው። ምስለ ችሎት መዳኘት አቅም የሌለውን ወገን ወክሎ የመቆም ምትክ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ግን የመንፈስ ዘመዱ ነው። የሚጠይቀውም አንድ የንባብ ምሽትና አንድ ሙሉ ቀን ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ የእኔ መስክ አይደለም የሚለውም አያሳስባችሁ። ማብራሪያው ሕጉን ይነግራችኋል። እናንተ የምታመጡት ሌላ ነው፦ ክርክር የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ዳኛ ምን ሲሰማ ብዕሩን እንደሚያነሳ፣ ሽንፈት የማይቀር ሲሆን እንኳ ደንበኛን በክብር እንዴት መወከል እንደሚቻል።

በውጭ ያላችሁትንም አልዘነጋሁም። የጄሰፕ ዓለም አቀፍ ዙር የሚካሄደው በዋሽንግተን ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ከተማ ነው። በዚያ አካባቢ የምትሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጠበቆች ሆይ፣ ለዳኝነት ተመዝገቡ። የጽሑፍ ክርክሮችን ማረም ከየትም ሆኖ ይቻላልና በአውሮፓም በሌላም ያላችሁ አትራቁ። ከአገር ቤት ቡድን ሲመጣ ደግሞ ባትዳኙት እንኳ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት የውድድሩ ደንብ የማይከለክለውን ሁሉ አድርጉለት፤ ማረፊያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ትኩስ ምግብ። ከቤቱ ርቆ የማያውቅ ተማሪ በማያውቀው ከተማ ነገ ሊሟገት ነው።

እኛን ያስተማረን ከሕዝብ ግብር የተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ወጪ መጋራቱን ብንከፍልም አብዛኛውን የሸፈነው ሕዝቡ ነው። የብዙዎቻችን ወላጆች ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ቀጠሯቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ደህና ጠበቃና ደህና ዳኛ ማግኘት ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። ነገ በዚያ ደጅ ላይ የሚቆሙትን የሚወክለው ዛሬ ምስለ ችሎት ላይ ወረቀቱ የሚንቀጠቀጥበት ልጅ ነው።

ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ላለው የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ወይም የምስለ ችሎት አስተባባሪ ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን መስክና የምትችሉበትን ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡ። በዓመቱ ውስጥ የምትለቁትን አንድ ቀን ከአሁኑ በማስታወሻችሁ ላይ ያዙ፤ ቀጠሮ ሲመጣም አትሰርዙት። የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ዳኛችሁንና ዐቃቤ ሕጋችሁን ለዚያች ቀን ፈቃድ ስጧቸው። ስትሄዱም ከእናንተ በኋላ የተመረቀ አንድ ባልደረባ አስከትላችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይሰየም።